ዕጣና ቁማር፤ በጨዋታ ውስጥ ስለሚሸጠው የዕድል ሣጥን

የቤተ ክርስቲያን መምህር የሚጠየቀው ነገር ሁሉ ስሙ በመጻሕፍት ተጽፎ የሚገኝ አይደለም። የጥንቱን ነገር በጥንት ስሙ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከጉባኤ ቤት ትምህርት በቀላሉ ያገኛል። አዲሱን ነገር በአዲስ ስሙ ይዞ ለሚመጣ ግን መምህሩ አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ፥ ከየትኛው ወገን እንደሚቈጠርም ሳይመረምር ሊመልስለት አይገባም። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት እኔው ራሴ ሳልመረምር መልሼ ስለ ተሳሳትሁ ነው።

ከገፈርሳ የውኃ ግድብ ብዙ በማይርቅ ሰፈር የሚኖሩ አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። ልጁ ዕድሜው 17 ዓመት የሆነ ዲያቆን ነው፤ ፊደልና ዳዊት ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ጉዳዩ በንስሓ የተነገረ ሳይሆን ለምክር በግልጽ የቀረበ ነው፤ ለሌላው ትምህርት እንዲሆንም ስማቸው ሳይጠራ እንድጽፈው አባትም ልጅም ፈቅደውልኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ በስልክ ከሚጫወተው የጦርነት ጨዋታ ውስጥ ተጫዋቾቹ «ክሬት» የሚሉት የተዘጋ ሣጥን አለ። ልጁ ከአባቱ ቴሌብር በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያነሣ፥ በጠቅላላው 3,000 ብር ያህል ለአንድ ሻጭ ልኮ የጨዋታውን ገንዘብ ገዛ፤ በዚያም ሣጥን ይከፍት ነበር። ከብዙ ከንቱ ሣጥን በኋላ አንድ ቀን እጅግ ብርቅ የሆነ የጠመንጃ ጌጥ ወጣለት። ያን ጌጥ የያዘውን የጨዋታ መዝገቡን፥ እነርሱ «አካውንት» የሚሉትን፥ ለሌላ ወጣት በ11,000 ብር ሸጠው። ከዚህም 1,100 ብር ዐሥራት ብሎ ለደብሩ በደረሰኝ ገቢ አደረገ።

አባትየው የቴሌብራቸውን መልእክት ተመልክተው ነገሩን በደረሱበት ጊዜ ተቈጡ፤ «መምሬ፥ ይህ ልጅ ሌባ ነው፥ ቁማርተኛ ነው ወይስ ነጋዴ? ይንገሩኝ» አሉኝ። ልጁም ዐንገቱን ደፍቶ፥ ነገር ግን ሳይፈራ፥ «የኔታ፥ ያባቴን ገንዘብ ሳልጠይቅ መውሰዴ ጥፋት ነው፤ እመልሳለሁ። የቀረው ግን ዕቃ ገዛሁ፥ ዕቃ ሸጥሁ። ይህ ንግድ እንጂ ምኑ ቁማር ነው? ዐሥራቱንም አውጥቻለሁ» አለ።

እኔም «የልጅ ጨዋታ የልጅ ጨዋታ ነው፤ ያባትህን መልስና ነገሩ በዚህ ይለቅ» ብዬ አሰናበትኋቸው። ሌሊት ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ቁማር ከሆነ ከመሠዊያው ፊት የሚያገለግል ዲያቆን ቁማር ተጫውቷል፤ የቁማርም ትርፍ ወደ ቤተ እግዚአብሔር ገብቷል። ቁማር ካልሆነ ደግሞ የልጁን ኅሊና ያለ ምክንያት ማስጨነቅ አይገባም። ስለዚህ ከዕውቀት በፊት ፍርድ እንዳይቀድም ነገሩን ከሚያውቁት ወጣቶች ጠየቅሁ፤ ሌሎች አገሮች የፈረዱትንም አስነበብሁ። ያገኘሁት የሚከተለው ነው።

፩ኛ፤ ሣጥኑ ምንድር ነው?

በዚህ ዘመን የሚሠሩ ብዙ ጨዋታዎች በነጻ ወይም በጥቂት ዋጋ ይሰጣሉ፤ ትርፋቸው በውስጣቸው ከሚሸጠው ነገር ነው። ከሚሸጡትም አንዱ የዕድል ሣጥን ነው። ገዢው በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛዋል፤ ምን እንደሚወጣለት ግን ከመክፈቱ በፊት አያውቅም። በከፈተው ጊዜ ለጦረኛው ልብስ፥ ለጠመንጃው ቀለም፥ በኳስ ጨዋታም እንደ ሆነ አንድ ተጫዋች ይወጣለታል። ቀድሞ ፊፋ ይባል የነበረውና በየፕሌይስቴሽን ቤቱ የሚታወቀው የኳስ ጨዋታ እንኳ እንዲህ ያለ የተዘጋ ጥቅል አለው።

ከእነዚህ ሁሉ በንግዱ ስፋት እጅግ የታወቀው ካውንተር ስትራይክ የሚባለው ጨዋታ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2013 ጀምሮ በዚህ ጨዋታ ሣጥን የሚከፈተው በገንዘብ በሚገዛ ቍልፍ ነው፤ የቍልፉም ዋጋ 2.49 የአሜሪካ ዶላር ተብሎ ተወሰነ። ቻይና በ2017 ጨዋታ ሻጮች የዕጣውን መጠን እንዲገልጡ ባዘዘች ጊዜ የዚህም ሣጥን ምሥጢር ታወቀ። ከ100 ሣጥን 80 ያህሉ የሚሰጠው ዝቅተኛውን ዕቃ ነው፤ ሁሉ የሚመኘው ቢላዋና የመሰለው ብርቅ ዕቃ ግን ከ10,000 ሣጥን በ26ቱ ብቻ ይገኛል። አንዱን ለማግኘት በአማካይ 385 ሣጥን መክፈት ያስፈልጋል ማለት ነው፤ የቍልፉ ዋጋ ብቻ ከ950 ዶላር ያልፋል። ሣጥኑ ሲከፈትም ዕቃዎቹ በመስኮቱ ላይ እየተሽከረከሩ ያልፋሉ፤ ብርቁ ዕቃ ጥቂት አልፎ ወይም ጥቂት ቀርቶት የቆመ ይመስላል። ይህም «ለጥቂት ሳተኝ» አሰኝቶ ለሚቀጥለው ሣጥን ያነሣሣል።

የወጣው ዕቃ ከሰው ወደ ሰው ሊሸጥ ይችላል። ኩባንያው ራሱ ገበያ አዘጋጅቶ ከእያንዳንዱ ሽያጭ 15 በመቶ ያህል ይወስዳል። በዚያ ገበያ የተገኘው ገንዘብ ከኩባንያው መዝገብ ወጥቶ ወደ ኪስ አይገባም፤ ነገር ግን ከእርሱ ውጭ የቆሙ ሌሎች ገበያዎች ዕቃውን በጥሬ ገንዘብ ይለውጣሉ። ከዚህም አልፎ ዕቃዎቹን እንደ ገንዘብ አስይዘው የሚያቋምሩ ቤቶች በየመረቡ ተነሥተው ስለ ነበር፥ በ2016 ኩባንያው ራሱ ሥራቸውን እንዲያቆሙ ማስጠንቀቂያ ጽፎላቸዋል።

፪ኛ፤ ዕጣ ሁሉ ቁማር አይደለም

«ዕጣ ያለበት ነገር ሁሉ ቁማር ነው» የሚል ሰው ቅዱሳት መጻሕፍትን አላስተዋለም። በብሉይ ኪዳን በማስተሥረያ ቀን በሁለቱ ፍየሎች ላይ ዕጣ ይጣል ነበር፤ ኢያሱ ምድረ ርስትን ለነገደ እስራኤል በዕጣ አካፍሏል፤ በዮናስ መርከብ ላይ ማዕበሉ በማን ምክንያት እንደ መጣ በዕጣ ታውቋል። በሐዲስም ማትያስ በይሁዳ ፈንታ ከሐዋርያት ጋር የተቈጠረው በዕጣ ነው። በዘመናችንም ጥቅምት 25 ቀን 2005 ዓ.ም. በካይሮ ዐይኑ የተሸፈነ ሕፃን ከሦስት ስሞች አንዱን አንሥቶ የእስክንድርያው 118ኛ ፓትርያርክ አባ ታዎድሮስ ተመርጠዋል።

በኑሯችንም ዕቁብ አለ። በዕቁብ ዕጣ ይወጣል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ዕቁብተኛ የከፈለውን ያህል በተራው ያገኛል። ዕጣው የሚወስነው ማን ይቅደም፥ ማን ይከተል የሚለውን ነው እንጂ ማን ይብላ፥ ማን ይራብ የሚለውን አይደለም። ስለዚህ ዕቁብን ቁማር ያለው የለም።

በሌላ ወገን ደግሞ ከመስቀሉ በታች የተጣለ ዕጣ አለ። ጭፍሮች የጌታን እጀ ጠባብ ላለመቅደድ ዕጣ ተጣጣሉበት፤ የደከሙበት ሳይሆን ከተገፈፈው ወስደው ለአንዱ ደረሰው። እንግዲህ ዕጣ በራሱ ክፉም በጎም አይደለም። የሚለየው ስለ ምን ተጣለ፥ ማን ተጠቀመ፥ ማን ተጐዳ ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

፫ኛ፤ የቁማር ሦስት ምልክቶች

ነገሩን ከየወገኑ ስናየው ቁማር ሦስት ምልክቶች አሉት። የመጀመሪያው፥ ዋጋ ያለውን ነገር ማስያዝ ነው። ሁለተኛው፥ ፍጻሜው በሥራ ወይም በዕውቀት ሳይሆን በዕጣ መወሰኑ ነው። ሦስተኛው፥ ዋጋ ያለውን ነገር ከሌሎች ኪሳራ ላይ ማግኘት ነው። ሦስቱ በአንድነት ከተገኙ ስሙ ምንም ቢሆን ቁማር ነው፤ አንዱ ከጐደለ ሌላ ስም ይፈለግለታል።

በዚህ መስፈርት ሣጥኑን እንመዝነው። ገንዘብ ይከፈልበታል፤ አንደኛው ምልክት ተገኘ። የሚወጣውን የሚወስነው የተጫዋቹ ብልሃት ሳይሆን ስውር ቍጥር ነው፤ ሁለተኛውም ተገኘ። ክርክሩ ያለው በሦስተኛው ላይ ነው። ዕቃው ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ከሆነ ባለቤቱ ያጌጥበታል እንጂ አይበላውም፤ ዋጋ አለው ለማለት ያስቸግራል። የሚሸጥ ከሆነ ግን ዕቃው ገንዘብ ሆነ፤ ከፋዩም በ2 ዶላር 1,000 ዶላር ሊያገኝ ወይም ሁሉንም ሊያጣ የተቀመጠ ሰው ሆነ።

ከሌላው ኪሳራ መሆኑስ እንዴት ይታወቃል? የዲያቆኑ ጌጥ 11,000 ብር ያወጣው ስለ ምንድር ነው? ብረት አይደለም፥ ጨርቅ አይደለም፤ ለመሥራትም ከሌላው የበለጠ ድካም አልጠየቀም። ዋጋውን ያገኘው ብርቅ በመሆኑ ብቻ ነው። ብርቅ የሆነውም ሺህ ሌሎች ልጆች ከፍለው፥ ከፍተው፥ ባዶ እጃቸውን ስለ ተመለሱ ነው። ሁሉ ቢያገኙት ኖሮ የሚገዛው ባልተገኘም ነበር። በ2025 በጥቅምት ወር የካውንተር ስትራይክ ኩባንያ ቢላዋን በሌላ መንገድ ማግኘት የሚቻልበትን አንድ ደንብ ባወጣ ጊዜ፥ የቢላዋዎች ዋጋ ወዲያውኑ ወደቀ። ዕቃዎቹ አንድም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ብርቅነታቸው ነው። ስለዚህ ብርቅነት የተባለው የብዙዎች ኪሳራ ተጠራቅሞ በአንዱ እጅ ሲታይ ነው።

፬ኛ፤ የሚነሡ ተቃውሞዎች

«ሣጥኑን የከፈተ ሰው ሁልጊዜ አንድ ነገር ያገኛል፤ ባዶውን የሚመለስ የለም፤ እንግዲህ ግዢ ነው» የሚል አለ። መልሱ፥ ቁማር አጫዋች ለተሸነፈው ሁሉ አንድ አንድ ቆሎ ቢሰጥ ቁማሩ ገበያ አይሆንም። ሰው የከፈለው ስለ ቆሎው አይደለምና። ለስላሳ ገዝቶ በቆርኪው ውስጥ ሽልማት ያገኘ ሰው የጠጣው ለስላሳ ዋጋውን ያህል ነው፤ ሽልማቱ ቢቀር አይከሰስም። የሣጥኑ ገዢ ግን ከዕድሉ በቀር የገዛው የለውም።

«ገበሬም ዘርቶ ዝናም ይመጣ እንደ ሆነ አያውቅም፤ ነጋዴም ይከስራል፤ እነርሱም ቁማርተኞች ናቸውን?» የሚል አለ። መልሱ፥ ገበሬው የሚሰጋበትን ነገር ራሱ አልፈጠረውም፤ በፈቃደ እግዚአብሔር ተማምኖ ይደክማል፤ ያገኘ ጊዜ ለሌላው እንጀራ ይተርፋል። ነጋዴም ዕቃን ከሌለበት ወዳለበት ሳይሆን ካለበት ወደ ሌለበት ያደርሳል። በሣጥኑ ግን ስጋቱ ሆነ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሲፈጸምም የተመረተ፥ የተጓጓዘ፥ የተጠገነ ነገር የለም።

«መንግሥት ፈቅዷል» የሚል አለ። በእርግጥ በአገራችን ብሔራዊ ሎተሪ ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ አዋጅ ቍጥር 535/1999ም አስተዳደሩን እንደገና አቋቁሟል። ነገር ግን መንግሥት የሚፈቅደው ሊቈጣጠረው ስለሚሻ ነው፤ መፈቀዱ ነገሩ ቁማር አለመሆኑን አያስረዳም። ይልቁንም የሎተሪ ትኬት የዕጣው ቀን፥ የሽልማቱም ብዛት በአደባባይ የታወቀ ነው። የሣጥኑ ዕጣ ግን በሻጩ መሣሪያ ውስጥ ተሰውሮ ይወጣል። ስውር ዕጣ ምን ያህል እንደሚያሳስት እናውቃለን፤ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ፥ መሣሪያው ተነካክቷል ተብሎ በከተማው አስተዳደር ተሰርዟል። በአደባባይ በወጣው ዕጣ እንዲህ ከሆነ፥ በልጅ መዳፍ ውስጥ ብቻውን የሚወጣውን ማን ይመሰክርለታል?

፭ኛ፤ የመንግሥታት ፍርድ

በዚህ ነገር መንግሥታትም አልተስማሙም። በ2018 የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን በገንዘብ የሚገዛ የዕድል ሣጥን ቁማር ነው ብሎ ወሰነ፤ ዕቃው ይሸጥ አይሸጥ አላለም። በዚያው ወር የሆላንድ ተቈጣጣሪ 10 ጨዋታዎችን መርምሮ አራቱን ሕግ አፍርሰዋል አለ፤ ምክንያቱም ዕቃቸው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ መሆኑ ነበር። ነገር ግን በኳሱ ጨዋታ ላይ የጣለውን ቅጣት የአገሩ የበላይ ችሎት በ2022 ሻረው፤ ጥቅሉ ራሱን የቻለ ጨዋታ ሳይሆን በብልሃት የሚፈጸም የትልቁ ጨዋታ ክፍል ነው ሲል። የእንግሊዝ መንግሥትም በዚያው ዓመት የቁማር ሕጉን ወደዚህ ላለማስፋት ወሰነ። ጃፓን በ2012 የተለያዩ ዕጣዎችን አሟልቶ ለሰበሰበ ልዩ ሽልማት የሚሰጠውን ዐይነት ከለከለች። አውስትራልያም ከመስከረም 2024 ጀምሮ እንዲህ ያለ ሣጥን ያለበት አዲስ ጨዋታ ከ15 ዓመት በታች ላሉ እንደማይመከር እንዲመዘገብ አዘዘች።

ሊቃውንተ ሕግ እንዲህ የተለያዩት ቃሉን ስለሚመረምሩ ነው፤ ሕግ ሊቀጣ የሚችለው በቃሉ የተያዘውን ብቻ ነውና። የነፍስ አባት ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ «ይህ ነገር ልብን ወዴት ይመራል?» ይላል። ደግሞም «ዕቃው አይሸጥም» የሚለው የሻጮች ቃል በእኛ ሰፈር እንዴት እንደ ፈረሰ ዲያቆኑ አሳይቶናል። ጌጡ ብቻውን የማይሸጥ ቢሆን መዝገቡን በሙሉ ሸጠው። ደንቡ በሩን ቢዘጋም ገበያው በመስኮት ገባ።

ስለዚህ ፍርዴን እንዲህ እለያለሁ። ዕቃው በግልጽም ሆነ በስውር በገንዘብ የሚለወጥበት፥ ተጫዋቹም ይህን ዐውቆ የሚከፍተው ሣጥን ፍጹም ቁማር ነው። ዕቃው የማይለወጥ፥ ልጁም ለጌጡ ብቻ የሚከፍተው እንደ ሆነ ቁማር ብሎ መፍረድ ከልክ ማለፍ ነው፤ ነገር ግን የቁማር ፊደል መቍጠሪያ ነው። ሣጥን የሌለበትን ጨዋታ መጫወት ደግሞ በልኩ ሲሆን ኀጢአት አይባልም። እኛም በልጅነታችን ገበጣና ብይ ተጫውተናል።

፮ኛ፤ ስለ ዲያቆኑና ስለ ዐሥራቱ

ልጁንና አባቱን እንደገና አስጠርቼ አስቀድሜ የእኔን ስሕተት ነገርኋቸው። ከዚያም ልጁን አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት፤ «ልጄ፥ ሣጥኑን ስትከፍት ጌጡን ነው ወይስ ዋጋውን ታስብ የነበረው?» ብዙ ዝም ካለ በኋላ «በመጀመሪያ ጌጡን፤ አንድ ጓደኛዬ ከሸጠ በኋላ ግን ዋጋውን» አለኝ። በዚህ ቃሉ ነገሩን ራሱ ፈረደው።

የሐዋርያት ቀኖና በቁማርና በመጠጥ የሚጸና ኤጲስ ቆጶስ፥ ቄስ ወይም ዲያቆን ይህን ይተው፥ ባይተው ግን ይሻር ይላል። እዚህ ላይ ማስተዋል ይገባል፤ የቀኖናው የመጀመሪያ ትእዛዝ «ይተው» የሚለው ነው፤ ሽረት የመጣው እንቢ ባለው ላይ ነው። ይህ ልጅ ሳያውቅ ገባ፥ ሲነገረው ተወ። ስለዚህ ከአገልግሎቱ የሚለየው አልሆነም፤ የተወሰነ ጾምና ስግደት ተቀብሎ ቀጥሏል።

ስለ ዐሥራቱ፥ በኦሪት የማይገባ ዋጋ ለስእለት ወደ ቤተ እግዚአብሔር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ይሁዳ የመለሰውን ብርም የካህናት አለቆች እንኳ ወደ መባው ሣጥን ለማግባት አልደፈሩም። ዐሥራት የድካምን ፍሬ ይቀድሳል እንጂ ያልተደከመበትን አያነጻም። በዚህ ምክንያት ለሰበካ ጉባኤው ነግሬ 1,100ው ብር ለነዳያን መርጃ እንዲውል ሆነ። ከቀረው 9,900 ብር ልጁ 3,000ውን ለአባቱ መለሰ፤ 6,900ውንም በገዛ እጁ ለድኆች ሰጠ። ለገዢው አልመለሰም፤ ገዢው የገዛውን ዐውቆ ገዝቷልና። የከሰሩትን ልጆች ግን ማን እንደ ሆኑ ማንም አያውቃቸውም፤ የማይታወቅ ባለ ገንዘብ ድርሻው ለድኃ ይሰጣል። ዘኬዎስም ከገንዘቡ እኩሌታውን ለድኆች ሲሰጥ ጌታ ቤቱን ባርኮለታል።

አንድ ነገር ግን አሳዘነኝ። ልጁ ገንዘቡን ሰጥቶ ሲያበቃ «የኔታ፥ አሁንም ሣጥኑ በሕልሜ ይሽከረከራል» አለኝ። የወጣለት እርሱ እንዲህ ካለ፥ ሳይወጣላቸው የቀሩት ምን ይሆኑ?

፯ኛ፤ ለወላጆችና ለነፍስ አባቶች

ከቡራዩ እስከ ሰበታና ሱሉልታ ድረስ ስልክ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ወላጅ የቴሌብሩን ምሥጢር ቍጥር ለልጁ አይስጥ፤ ልጁ የሚጫወተውን ግን ከመንጠቅ በፊት ተቀምጦ ይጠይቀው። «ይህ ሣጥን በስንት ይገዛል? የወጣውን የሚገዛህ አለ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ ሁለቱ መልሶች ነገሩን ይገልጡታል። የነፍስ አባትም ወጣት ሲናዘዝ «ቁማር ተጫውተሃል?» ብሎ ብቻ አይለፍ። ወጣቱ በቅንነት «አልተጫወትሁም» ይላል፤ የሠራውን በዚህ ስም አያውቀውምና። ስሙን ሳይሆን ሥራውን እንጠይቀው።

አዲስ ነገር ሁሉ ክፉ ነው አንልም፤ አዲስ ስም ያለው ሁሉ ግን አዲስ ነገር አይደለም። ከመስቀሉ በታች የተጣለው ዕጣ ዛሬም በአዲስ መልክ በልጆቻችን እጅ ይገኛል። ልጆቻችን ከማትያስ ዕጣ ወገን እንዲሆኑ፥ የድካማቸውንም ፍሬ እንዲበሉ አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።